ወጥመዱን ስትቆጥሩ በዙሪያው የበቀለውንም መዝግቡ

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በፌሮሞን ወጥመድ (በጠረን ማባበያ ነፍሳትን ስቦ በሚይዝ ወጥመድ) ቆጠራ ላይ ተመሥርታችሁ የርጭት ምክር ለምትሰጡ የሰብል ጥበቃ ቢሮዎች፣ ማባበያ ለምታመርቱና ለምታከፋፍሉ ድርጅቶች፣ የሙከራ ማሳ ላላችሁ ተመራማሪዎችም

ጉዳዩ፦ የዕፅዋት ጠረን በወጥመድ ቆጠራ ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ ባዶ ወረቀት ነው። በወጥመድ ወለል ላይ የሚነጠፈውን የሚያጣብቅ ወረቀት ማለቴ ነው። አንድ የፍሬ ወቅት ሙሉ በየሳምንቱ እያወጣሁ አየሁት። አቧራ፣ አንድ ሁለት ዝንብ፣ የደረቀ የቅጠል ስባሪ ተጣብቆበት አገኛለሁ፤ የምንጠብቀው የፖም ተባይ፣ ያ ትንሽ ግራጫ የእሳት እራት ግን አንድም አልነበረበትም። በቅጹ ላይ በየሳምንቱ ዜሮ ሞላሁ። ቅጹን የሚቀበለው ቢሮም ዜሮውን አይቶ እርሻው ንጹህ ነው፣ ምንም እርምጃ አያስፈልግም ብሎ ጻፈ። የለቀማው ጊዜ ደረሰና ከላይኛው ቅርንጫፍ የወረደውን አንድ ፖም በቢላዋ ከፈልኩት። ከቆዳው እስከ ዘሩ ድረስ የተሰረሰረ መንገድ፣ በመንገዱ እርጥብ ቡናማ ፍርፋሪ፣ በመጨረሻም ራሱ ቡናማ፣ ገላው ቀላ ያለ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሁለተኛውን ከፈልኩ፤ ያው ነው። ባለ እርሻው አጠገቤ ቆሞ ያያል። አልተቆጣም። «ታዲያ ወጥመዱ ምን ሲሠራ ከረመ?» ብቻ አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

በዚያ እርሻ ወንዶቹን የማደናገር ዘዴ በሥራ ላይ ነበር። እናንተ የምታውቁት ነገር ቢሆንም ደብዳቤው ለሁሉም የተከፈተ ስለሆነ ባጭሩ ላስረዳ። ሴቷ የእሳት እራት ከሆዷ ጫፍ ካለ ዕጢ የራሷ የሆነ ጠረን ትለቃለች፤ ወንዱ በነፋስ የደረሰውን ያንን ጠረን ተከትሎ ወደ እርሷ ይበራል። ይህ ነው የወሲብ ፌሮሞን የሚባለው። ማደናገር ማለት ደግሞ በፋብሪካ የተሠራውን ያንኑ ፌሮሞን በየዛፉ በሚንጠለጠሉ ማሰራጫዎች አማካይነት እርሻውን ሞልቶ ወንዱ ሴቷን ፈልጎ እንዳያገኛት ማድረግ ነው። መልካም ዘዴ ነው። መርዝ አይረጭበትም፣ ንብንም አይጎዳም፤ ዛሬም ከልቤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን በእኔ ወጥመድ ውስጥ የተሰቀለው ማባበያም ያው ፌሮሞን ብቻ ነበር። ሴቷን ከወንዱ የሰወረው ደመና ወጥመዴንም አብሮ ሰወረው። ከዚህም ሌላ፣ በጎረቤት እርሻ ከወንድ ጋር ተገናኝታ የገባች ሴት እንቁላሏን እንደልቧ ትጥላለች፤ ወጥመዱ ስለ እርሷ የሚነግረን ነገር የለም፣ ድሮውንም ሴት አይዝምና።

በቀጣዩ ዓመት ማባበያውን ለወጥን። የበሰለ ፒር ከሚያወጣቸው ጠረኖች አንዱ የሆነና የፒር ኤስተር ተብሎ የሚጠራ ውሕድ አለ። ይህን የፖም ተባይ እንደሚስብ በምርምር ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ወንዱንም ሴቷንም ይጠራል፤ ገና ከእንቁላል የወጣው ትል እንኳ ወደዚህ ጠረን ይሳባል። ከፌሮሞኑ ጋር በአንድ ወጥመድ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ማደናገሪያ በተሰቀለበት እርሻ ፌሮሞን ብቻውን ከሚይዘው የበለጠ ይይዛል። አሴቲክ አሲድ (ሆምጣጤን የሚያኮመጥጠው አሲድ) ሲታከልበት ደግሞ የሚያዙት ሴቶች ይበረክታሉ። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ሳወጣ ክንፋቸው ጫፍ ላይ የመዳብ ቀለም ያለበት የእሳት እራቶች ተጣብቀው አገኘሁ። በመቆንጠጫ አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ሆዳቸውን አየሁ፤ ሴቶችም ነበሩባቸው። ዛፎቹ ያው፣ የሰቀልኩበት ቅርንጫፍ ያው ነበር። የተለወጠው ከፌሮሞኑ ጎን አንድ የፍሬ ጠረን መቆሙ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው የምንሰቅለውን ማባበያ በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። ወንዱ የእሳት እራት ፌሮሞንን በባዶ አየር ላይ አሽትቶ አያውቅም። ሴቷ የምትጠራው ቅጠል ላይ ተቀምጣ ነው፤ ጥሪዋ የሚደርሰው በቅጠል፣ በአበባ፣ በፍሬና በቅርፊት ጠረን መሃል አልፎ ነው። እኛ ግን ማባበያውን በተጣራ አየር ውስጥ እንፈትነውና በዚያ ያገኘነውን ውጤት ይዘን ማሳ እንገባለን።

የዚህ ልማድ ሥር ሳይንሱ ከተጀመረበት መንገድ የመጣ ይመስለኛል። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቡተናንትና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን የነፍሳት ፌሮሞን፣ የሐር ትል እራትን ቦምቢኮል፣ ለይተው ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ወደ 20 ዓመት የፈጀ ሥራ ነበር፤ የ500,000 ገደማ ሴት እራቶች ዕጢ ተቆርጦ ተጠራቅሟል። «ፌሮሞን» የሚለው ቃልም የተፈጠረው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያን ያህል ዕጢ አንድ ንጹህ ውሕድ ማውጣት ታላቅ ድል ነበር፤ ድሉም ንጹሁን ውሕድ በንጹህ አየር መፈተንን የሙያው ወግ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1971 የፖም ተባዩ ዋና ፌሮሞን ሲታወቅ መንገዱ ተቀይሶ አልቆ ነበር፤ ውሕዱን ለይ፣ በጎማ ላይ አድርግ፣ ስቀል፣ ቁጠር። ብዙ የተገኘበት መንገድ ነው። ዕፅዋቱን ግን ከመንገዱ ዳር ጥሏቸው ሄደ።

ዕፅዋቱ በጉዳዩ ውስጥ ስለመኖራቸው ምልክቱ ቀድሞም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ሪዲፎርድና ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች ፖሊፌመስ ስለሚባለው ትልቅ የእሳት እራት አንድ ነገር ጽፈው ነበር፤ ሴቷ የኦክ ቅጠል ጠረን ካልደረሳት ፌሮሞኗን አትለቅም የሚል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ የበቆሎ እሸት የሚበላው ትል እናት በዱር ስትሆን የምትመገበው ተክል ምልክት እስኪደርሳት ፌሮሞን ማምረቷን እንደምታዘገይ ታየ፤ ከምልክቶቹም አንዱ ፍሬን የሚያበስለው ኤቲሊን የተባለው ጋዝ ነው። ነገሩን ካሰቡት ሴቷ ትክክል ናት። ልጆቿ የሚበሉት በሌለበት ቦታ ወንድ ጠርታ ምን ታደርገዋለች?

ወንዱም በበኩሉ ተክሉን ያሸታል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በአውሮፓ ደኖች የሚኖረው የግንቦት ጢንዚዛ ታሪክ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ወንዶቹ በዛፎቹ አናት ዙሪያ በብዛት እያንዣበቡ ይበራሉ፤ ሴቶቹ ግን ቅጠል ላይ ተቀምጠው መብላታቸውን አይተዉም። የተገመጠ ቅጠል ደግሞ ይሸታል። የታጨደ ሣር አጠገብ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያ እርጥብ አረንጓዴ ሽታ ነው። ወንዱ ወደዚህ ሽታ ይወርዳል። የትኛው ቅጠል እንደተገመጠ ካወቀ የትኛው ላይ ሴት ልትኖር እንደምትችል አወቀ ማለት ነው። ሰው በእጁ የቀደደው ቅጠል እንኳ ይስበዋል። ሴቷ የምታወጣው ቤንዞኪኖን የተባለ ፌሮሞን ከዚህ የቅጠል ሽታ ጋር ሲገናኝ ጥሪው ይበረታል። እዚህ ላይ የቅጠሉን ሽታ «ተጨማሪ» ብሎ ወደ ጎን ማድረግ አይቻልም፤ የጥሪው ግማሽ ራሱ ነው።

እንዲህ ያለው መደጋገፍ በሌሎችም ታይቷል። የቅጠል ሽታ የሚባሉት ውሕዶች የጥጥ ነቀዝንና የትምባሆ ቡቃያ ትል እራትን ፌሮሞን እንደሚያጠናክሩ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማሳ ተሞክሯል። የጃፓን ጢንዚዛ በሚባለው ተባይ ላይ የአበባ ጠረንና የሴቷ ፌሮሞን ጎን ለጎን ተደርገው ይሰቀላሉ፤ ፌሮሞኑ ወንዶቹን ብቻ ሲጠራ አበባው ሁለቱንም ጾታ ይጠራል፣ ሁለቱ ሲተባበሩም የሚያዘው ይበዛል። ቀዩን የዘንባባ ነቀዝ የሚያጠምዱ ሰዎች ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። የእርሱ ፌሮሞን ወንዱ የሚያወጣውና ሁለቱንም ጾታ የሚሰበስብ ዓይነት ነው፤ ሆኖም በባልዲው ውስጥ የሚብላላ ቴምር ወይም የዘንባባ ግንድ ቁራጭ ካልተጨመረበት የሚያዘው ጥቂት ነው። እነዚህ ሰዎች ባልዲው ሲደርቅ ፌሮሞኑ ገና ቢኖርም ወጥመዱ እንደሞተ ይቆጥሩታል፤ ልክ ናቸው።

ይሁንና ጠረን በመጣ ቁጥር ጥሪው ይጠነክራል ብላችሁ እንዳትደመድሙ እለምናለሁ፤ የተገላቢጦሹም አለና። የወንዱ አንቴና ለፌሮሞን የተሠራ ድንቅ መሣሪያ ነው፤ በሐር ትል እራት በአንዱ አንቴና ላይ ብቻ 17,000 ገደማ ረጃጅም የማሽተቻ ፀጉሮች ተተክለዋል። ከእነዚህ የሚነሳው መልእክት በአንጎል ውስጥ ለፌሮሞን ብቻ ወደ ተለየ ስፍራ ይገባል፤ የዕፅዋት ጠረን ደግሞ ከጎኑ ወዳሉት ሌሎች ስፍራዎች። ሁለቱ መስመሮች ተለያይተው የሚጓዙ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን ከበሩ ጀምረው እንደሚነካኩ ታውቋል። የጥጥ ቅጠል በሚበላው ተምች እራት ላይ ሊናሎል የተባለው የአበባ ጠረን በአየሩ ውስጥ ሲኖር ፌሮሞንን የሚቀበሉት የአንቴና ሕዋሳት ምላሽ ይቀንሳል። የሚገርመው፣ ምላሹ አጠር ስለሚል በተከታታይ የሚመጡትን የፌሮሞን ትንፋሾች ለይቶ መቁጠር ይቀለዋል። ፌሮሞን በአየር ላይ እንደ ክር እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው፤ ወንዱም ክሩን ሲያገኝ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ሲጠፋው ግራና ቀኝ ይዋልላል። ስለዚህ አንዱ የአበባ ጠረን ድምፁን ዝቅ እያደረገ ቃሉን ሊያጠራለት ይችላል ማለት ነው። በሐር ትል እራት ላይ ደግሞ የሙልቤሪ ቅጠል ሽታ ከቦምቢኮል ጋር ሲመጣ የአንጎሉ ሕዋሳት ከወትሮው በላይ ይነቃሉ።

ወንዱ ራሱ ያለበት ሁኔታም ይቆጠራል። ችግኝ ቆራጩ ትል በሚወጣለት ጥቁር እራት ላይ፣ ሴት ያላገኘው ወንድ ፌሮሞንና የአበባ ጠረን ተደባልቀው ሲመጡለት ይሳባል፤ በዚያች ሌሊት ከሴት ጋር የተገናኘው ወንድ ግን ያው ድብልቅ ሲደርሰው ይታቀባል፣ አበባው ብቻውን ሲመጣ ግን ምግብ ነውና ይሄድለታል። ማባበያችን አንድ ነው፤ የሚሰማው ወንድ ግን ከሌሊት ሌሊት ይለያያል።

ሌላው የተገላቢጦሽ ምሳሌ በደን ውስጥ ነው። ስፕሩስ የተባለውን ጥድ መሰል ዛፍ የሚሰረስረው ቅርፊት በል ጢንዚዛ የበርች ዛፍ ጠረን ከፌሮሞኑ ጋር ሲቀላቀል ወደ ወጥመዱ የሚመጣው ያንሳል። በርች ለእርሱ ምግብ አይደለም፤ ጠረኑ «ይህ ዛፍህ አይደለም፣ እለፈው» ይለዋል። ይህ ፌሮሞንም የሚሰበስብ ዓይነት እንጂ የወሲብ ጥሪ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን ለቆጠራችን ያለው ትርጉም ያው ነው። ሁለት ወጥመዶች አንድ ዓይነት ማባበያ ይዘው፣ አንዱ በስፕሩስ መሃል፣ ሌላው በበርች ጥግ ቢሰቀሉ የሚሰጡንን ሁለት ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን ማወዳደር አይገባንም።

የጠረን ነገር ጉልበት ብቻ እንዳልሆነ ያየው ደግሞ ሌላ ሰው ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ፈረንሳይ ይኖር የነበረው የነፍሳት ተመራማሪ ዣን ኦንሪ ፋብር። አንዲት ትልቅ ሴት የእሳት እራት ከተጠቀለለችበት ሽፋን ስትወጣ በሽቦ ቆብ ሥር አስቀመጣት፤ ማታ 40 ያህል ወንዶች ቤቱን ወረሩት። በኋላም ጠረኗን ለመሸፈን አስቦ በዙሪያዋ ናፍታሊን አኖረ። ወንዶቹ እንዳልነበረ አልፈውት መጡ። ለሰው አፍንጫ የሚያፍነው ናፍታሊን ለእነርሱ ምንም አልሆነም፤ እኛ ጨርሶ የማናሸተው የቅጠል ጠረን ግን ሊያዞራቸው ይችላል። ስለዚህ በአፍንጫችን ፈርደን «እዚህ ማሳ ምንም የሚሸት የለም» ማለት አንችልም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ለሰብል ጥበቃ ቢሮዎች፦ የምትሰጡን ቅጽ ላይ ቀን፣ የወጥመድ ቁጥርና የተያዘው ብዛት የሚሞላባቸው ሦስት ዓምዶች አሉ። አራተኛ ዓምድ ጨምሩልን፤ ወጥመዱ የተሰቀለው በምን ተክል ላይ ነው፣ ተክሉ አብቧል ወይስ አፍርቷል፣ በዚያ ሳምንት በዙሪያው የታጨደ ወይም የተገረዘ ነገር አለ ወይ የሚል። አንድ መስመር ነው፤ ከደቂቃ በላይ አይወስድም። በአንድ ሰብል ላይ የተጠናን «ይህን ያህል እራት ከተያዘ ርጩ» የሚል ወሰን ሌላ ሰብል ላይ፣ ወይም በዚያው ሰብል ሌላ የዕድገት ደረጃ ላይ እንዳለ አታሻግሩት። ከሁሉም በላይ ማደናገሪያ በተሰቀለበት እርሻ ፌሮሞን ብቻ የያዘ ወጥመድ ያመጣውን ዜሮ እርሻው ከተባይ ነጻ ለመሆኑ ማስረጃ አድርጋችሁ አትፈርሙበት። በዚያ እርሻ የፍሬ ጠረን ያለበት ማባበያ ስቀሉ፤ ከሌላችሁም ከየረድፉ ፍሬ እየቆረጣችሁ እዩ። ቢላዋው አይዋሽም።

ለአምራቾችና ለአከፋፋዮች፦ ማባበያችሁ በየትኛው ሰብል መሃል እንደተፈተነ በማሸጊያው ላይ ጻፉልን። በቤተ ሙከራ አየር ብቻ የተፈተነ ከሆነም ያንኑ ጻፉ፤ አያሳፍርም፣ ሥራችንን በዚያ ልክ እናስተካክላለን። የዕፅዋት ጠረን የተጨመረበት ማባበያ ስትሸጡ ደግሞ የትኛው ጠረን ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ንገሩን። የዕፅዋት ጠረኖች ብዙዎቹ ከፌሮሞኑ ቀድመው ተንነው ያልቃሉ፤ ያኔ ወጥመዱ እኛ ሳናውቅ ወደ ሌላ ወጥመድ ተቀይሯል፣ ቁጥሩም ሲወርድ ተባዩ የቀነሰ ይመስለናል።

ለተመራማሪዎች፦ የነፋስ መተላለፊያ (ነፍሳት በተመጠነ ነፋስ ውስጥ ሲበሩ የሚታዩበት የሙከራ ዋሻ) ውስጥ የምታደርጉትን ሙከራ አከብራለሁ፤ እዚህ የጻፍኩት አብዛኛው ነገር የተገኘው ከእናንተ ነው። የምለምናችሁ በተጣራ አየር የምትጀምሩትን በተክል አየር እንድትጨርሱት ነው። አንድ ጠረን ፌሮሞንን ያጠናክራል ወይም ያዳክማል የሚለው መልስ በአንድ መጠን ተፈትኖ አያልቅም፤ ጥቂቱ የሚስብ ብዙው ሊያርቅ ይችላልና። ያልሠራ ድብልቅ ስታገኙም አትቅበሩት፤ ለእኔ በማሳዬ ያልሠራውን ማወቅ የሠራውን የማወቅ ያህል ይጠቅመኛል።

ሥራ በዝቶብናል፣ ቅጽ አሰልችቶናል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም በዝናብ ቆሜ በረጠበ ወረቀት ላይ የሞላሁ ሰው ነኝና አልፈርድም። ቢሆንም የዚያን ወቅት ዜሮዎች የሞላሁት እኔ፣ ፍሬውን ያጣው ግን ባለ እርሻው ነው። ቁጥሮቹ ትክክል ነበሩ፤ አንድም አልደበቅኩም። የጎደለው ቁጥሩ ከየትኛው አየር እንደመጣ የሚናገር አንድ መስመር ነበር።

የዚያን ዓመትና ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት መዝገቦች፣ በኋላ በራሴ እጅ ያሰመርኩትን አራተኛ ዓምድ ጭምር፣ ለሚፈልግ ቢሮ ሁሉ ቅጂውን ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። አዲሱን ቅጽ ለማዘጋጀት ስብሰባ ብትጠሩም እመጣለሁ፤ የሚቀጥለው ወጥመድ ከመሰቀሉ በፊት ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወጥመድ ቆጣሪ